የማያመው ሰው ኪኒን

(አጎትና የእህት ልጅ። እሳቸው በኦዲተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ እሷ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት። ጠረጴዛው ላይ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ ሳይከፈት የቆየ የአቶርቫስታቲን እሽግና ከአሜሪካ የተላከ አንድ ጠርሙስ አለ።)

ጋሼ፦ እናትሽ ናት የላከችሽ፣ አይደል? «ኪኒኑን አልጀመረም፣ ሂጂና አናግሪው» ብላ።

ፋርማሲስቷ፦ ልካኛለች፣ አልዋሽም። ግን እኔም መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ለምን አልጀመሩም?

ጋሼ፦ ምንም ስለማያመኝ ነዋ። የግፊቱን እውጣለሁ፤ ሲጨምር ራሴን ያዞረኛል። የስኳሩንም እውጣለሁ፤ ሲያሻቅብ ውኃ ውኃ ያሰኘኛል። ይሄ ኮሌስትሮል የምትሉት ግን አንድ ቀን እንኳ ቆንጥጦኝ አያውቅም። ላልነካኝ ነገር ኪኒን የምውጠው ምን ቆርጦኝ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ግፊቱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሳያዞር ነው የሚጨምረው፤ እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን። ኮሌስትሮል አይቆነጥጥም፣ እውነትዎን ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ሲበዛ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ለዓመታት ይጠራቀማል፤ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። የሚሰማው ያ የተጠራቀመው አንድ ቀን ተሰንጥቆ ደም የረጋበት ጊዜ ነው። የልብ ደም ሥር ላይ ከሆነ ደረት ጨምድዶ ይይዛል፤ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ ወረቀቱን እዪው። ኤልዲኤል 128 ይላል። አጠገቡ ደግሞ «ከ130 በታች» ብሎ ጽፏል። በሥራ ዘመኔ ከጣሪያው በታች ያለ ሒሳብ ይዤ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ፋርማሲስቷ፦ ጣሪያው ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የታተመው ለመጣው ሰው ሁሉ የሚወጣ ነው፤ ላቦራቶሪው ስኳር እንዳለብዎት አያውቅም። ሐኪምዎ ያዩት ዕድሜዎን፣ ስኳሩን፣ ግፊቱንና ድሮ ያጨሱትን ሲጋራ ደምረው ነው። ዕድሜው ከ40 እስከ 75 የሆነና ስኳር ያለበት ሰው ኤልዲኤሉ ያን ያህል ባይበዛም ይህ መድኃኒት ይመከርለታል።

ጋሼ፦ ማስረጃ።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ፣ ማስረጃ። ካርድስ የሚባል ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ። ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው፣ የልብ ሕመም ታይቶባቸው የማያውቅ 2,838 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ በየቀኑ 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ወሰደ፣ ግማሹ መልኩ ያንኑ የመሰለ ባዶ ኪኒን። ሲጀምሩ ኤልዲኤላቸው በአማካይ 117 ገደማ ነበር፤ ከእርስዎ ያነሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ቶሎ ስለታየ ጥናቱ ከታሰበው ሁለት ዓመት ቀድሞ ቆመ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ስትሮክና የመሳሰለው በ37 በመቶ ቀነሰ።

ጋሼ፦ 37 በመቶ የስንቱ? በመቶኛ የሚያናግረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ሁለት ብር ወደ አንድ ብር ቢወርድም «በግማሽ ቀነሰ» ይባላል።

ፋርማሲስቷ፦ ደግ ጠየቁ። ባዶውን ከወሰዱት መቶ ሰዎች በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ 9ኙ ላይ አደጋው ደረሰ። መድኃኒቱን ከወሰዱት መቶ ሰዎች ወደ 6ቱ ላይ።

ጋሼ፦ ስለዚህ 91ዱ ባይውጡም ምንም አይሆኑም ነበር። 6ቱ ውጠውም አላመለጡም። የተረፉት ሦስት ናቸው።

ፋርማሲስቷ፦ ሒሳብዎ ልክ ነው። ከመቶ ሦስት፣ በአራት ዓመት፣ በትንሹ መጠን። እኔ ይህን ቁጥር ከማንም አልደብቅም። «ካልዋጥክ ትሞታለህ» ብሎ የሚያስፈራራ ባለሙያ አለ፤ ያ የፈራ ሰው ሁለት ወር ሳይውጥ ከርሞ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ መድኃኒቱንም ሐኪሙንም አብሮ ይጥላል። እውነቱ ይሻላል። ብቻ ሁለት ነገር ያስቡ። ከመቶው ውስጥ ሦስቱ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ጥናቱ አራት ዓመት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሃያ ዓመት ሊኖሩ ያስባሉ።

ጋሼ፦ እግዜር ካለ።

ፋርማሲስቷ፦ እግዜር ካለ። አንድ ጥናት ብቻ አይበቃኝም ካሉ ደግሞ፣ 26 ጥናቶች ላይ የተካፈሉ 170,000 ያህል ሰዎች በአንድ ላይ ተደምረው ታይተዋል። ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም ገደማ በወረደ ቁጥር አደጋው በአምስት አንድ ያህል ይቀንሳል። ከፍ ካለ ቦታ ቢጀምሩም፣ እንደ እርስዎ ከመካከለኛው ቢጀምሩም።

ጋሼ፦ ይሁን። ግን እንዴት ነው የሚሠራው? ስቡን ያቀልጠዋል? ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውኃ በሎሚ ይጠጣል፤ «ስቡን ጠርጎ ያወጣዋል» ይለኛል።

ፋርማሲስቷ፦ ሎሚውም አይጠርግም፣ ኪኒኑም አያቀልጥም። ደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የገዛ አካላችን ነው፤ ዋናው ደግሞ ጉበት። ያለ እሱም አንኖርም፤ የሕዋስ ሽፋን፣ ሐሞትና ብዙ ሆርሞኖች ከእሱ ነው የሚሠሩት። ጉበት ኮሌስትሮልን የሚሠራው በብዙ ደረጃ ነው። ከደረጃዎቹ አንዱን የሚያካሂድ ኢንዛይም አለ፤ ስሙ ምላስ ያስራል፣ ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን ኢንዛይም ይዘው ሥራውን ይገቱታል።

ጋሼ፦ አልገባኝም። ጉበቱ አዲስ መሥራት ቢቀንስ፣ አስቀድሞ ደም ውስጥ የነበረው ወዴት ይሄዳል?

ፋርማሲስቷ፦ ቤት ውስጥ እንጀራ ካልተጋገረ ምን ይደረጋል?

ጋሼ፦ ከውጭ ይገዛላ።

ፋርማሲስቷ፦ ጉበትም ያንኑ ያደርጋል። ለራሱ ሥራ የሚፈልገው ኮሌስትሮል ሲያጥረው፣ ገጹ ላይ ኤልዲኤልን የሚይዙ ተቀባዮችን ያበዛል፤ እነሱ ከሚያልፈው ደም እየለቀሙ ያስገቡለታል። ደም ውስጥ ያለው የሚቀንሰው በዚህ ነው። ተቀባዮቹን ያገኙት ዳላስ፣ ቴክሳስ ውስጥ የሚሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ በ1985 ኖቤል ተሸልመዋል።

ጋሼ፦ እንግዲያው ኪኒኑን ባቆም ምጣዱ ተመልሶ ይጣዳል።

ፋርማሲስቷ፦ በጥቂት ሳምንት ውስጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ወር ይወስዳል፣ ይመረመራል፣ ቁጥሩ ወርዶ ያገኘዋል፤ «ተመስገን፣ ድኛለሁ» ብሎ ያቆማል። ወረቀቱ የነገረው ግን ኪኒኑ እየሠራ መሆኑን ብቻ ነው። እኛ መስኮት ላይ በየሳምንቱ የምናየው ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ገዝቶ የሄደ ሰው፣ በዓመቱ በስትሮክ አንድ እጁ ዝሎ በልጁ ተደግፎ ሲመለስ።

ጋሼ፦ ዕድሜ ልክ ነዋ! እኔን የሚያስጠረጥረኝ ይሄ ነው። የማያልቅ መድኃኒት የሚመቸው ለሻጩ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ መጠርጠርዎ አይከፋም። ሊፒተር በሚባለው የመጀመሪያ ስሙ ሲሸጥ አቶርቫስታቲን ለዓመታት በዓለም አንደኛ ተሻጭ መድኃኒት ነበር፤ የተገኘበት ገንዘብ የትየለሌ ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱ በ2011 አብቅቶ ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ዋጋው ወርዷል። መጀመሪያ ስታቲንን ያገኘው ሰው ደግሞ ከሽያጩ ትርፍ ያልተካፈለ ነው።

ጋሼ፦ ማን ነው እሱ?

ፋርማሲስቷ፦ አኪራ ኤንዶ ይባላል፤ ሰሜን ጃፓን፣ አኪታ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ። ከልጅነቱ እንጉዳይና ሻጋታ የሚወድ፣ ፔኒሲሊንን ስላገኘው ስለ ፍሌሚንግ አንብቦ የተመሰጠ። ቶኪዮ ሳንክዮ የሚባል ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ አንድ ነገር አሰበ። ሻጋታ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረቶችን የሚዋጋበት ኬሚካል ይሠራል፤ ከነዚህ ኬሚካሎች ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ ቢኖርስ? ወደ 6,000 የሚጠጋ የሻጋታ ዘር እያበቀለ መረመረ። በ1973 ኪዮቶ ውስጥ ከአንድ እህል መደብር ሩዝ ላይ ከተገኘ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ኮምፓክቲን የተባለውን አገኘ።

ጋሼ፦ ሻጋታ ነው የምታስውጪኝ?

ፋርማሲስቷ፦ ፔኒሲሊን ሲወጉ አልጠየቁም! የእርስዎ አቶርቫስታቲን በኬሚስቶች የተቀመመ ነው፤ ሻጋታ የለበትም። ታሪኩን ልጨርስ። ኮምፓክቲን አይጦች ላይ ሲሞከር ምንም አልሠራም። ኩባንያው ሊጥለው ደረሰ። ኤንዶ ግን ሌላ ላቦራቶሪ ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ባልደረባ ነበረው። እንቁላል ኮሌስትሮል የሞላበት ነው፤ የምትጥል ዶሮ ብዙ ኮሌስትሮል ትሠራለች ማለት ነው። እስኪ እነሱ ላይ ይሞከር አለ። ወረደ። ከዚያ የአሜሪካው መርክ ከሌላ ሻጋታ ሎቫስታቲንን አውጥቶ በ1987 ለገበያ የተፈቀደ የመጀመሪያው ስታቲን ሆነ። የኤንዶ ኮምፓክቲን ራሱ ለሽያጭ ሳይበቃ ቀረ። ሰውዬው በ2024 በ90 ዓመቱ ነው ያረፈው።

ጋሼ፦ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ወደ ጎረቤቴ ልመልስሽ። እሱ ወስዶት ነበር እኮ። «እግሬን ቆራርጦ ሊጥለኝ ነው፣ ጡንቻዬ አለቀ» ብሎ ነው የተወው።

ፋርማሲስቷ፦ ሊሆን ይችላል፤ ውሸት ነው አልልም። ግን አንድ የሚገርም ጥናት ልንገርዎት፤ ሳምሰን ይባላል፣ ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተሠራና በ2020 የወጣ። እንደ ጎረቤትዎ ሕመም አስመርሯቸው ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ተሰበሰቡ። ለእያንዳንዳቸው 12 ጠርሙስ ተሰጣቸው፤ አንዱ ለአንድ ወር። አራቱ አቶርቫስታቲን ያለባቸው፣ አራቱ ባዶ ኪኒን ያለባቸው፣ አራቱ ጨርሶ ኪኒን የሌለባቸው። በየቀኑ የሚሰማቸውን ሕመም ከዜሮ እስከ መቶ በስልክ ይመዘግባሉ። ኪኒን በሌለበት ወር አማካዩ 8 ነበር። ስታቲን በወሰዱበት ወር 16።

ጋሼ፦ በእጥፍ! ጎረቤቴ እውነቱን ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ባዶውን በወሰዱበት ወር 15።

ጋሼ፦ …አሃ።

ፋርማሲስቷ፦ ሕመሙ የውሸት አልነበረም፤ በእርግጥ ያማቸዋል። ያመጣው ግን በአብዛኛው መዋጡ፣ መጠበቁ፣ ፍርሃቱ ነው። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን እንደገና ጀምረዋል። ስለዚህ ሰው ሲያመው «በጭንቅላትህ ነው» ማለት ስድብ ነው፤ መጠኑን ቀንሶ መሞከር፣ ወደ ሌላ ስታቲን መቀየር፣ ለጥቂት ሳምንት አቁሞ ማየት፣ ይህ ሁሉ ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው። ጎረቤትዎ አሁንም ሄዶ ለሐኪሙ ቢነግር ይሻለዋል፤ ሎሚውን ይዞ ከሚቀመጥ።

ጋሼ፦ እውነተኛው ጉዳትስ? መኖሩን ትሸሽጊያለሽ?

ፋርማሲስቷ፦ አልሸሽግም። 10,000 ሰው ለአምስት ዓመት ቢወስድ 5 ያህሉ ላይ ከባድ የጡንቻ ጉዳት ይደርሳል፤ አልፎ አልፎ ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊትን ይጎዳል። ጠንከር ያለ፣ ሁለቱንም ጭን ወይም ሁለቱንም ትከሻ የያዘ ሕመም፣ ከወንበር ለመነሳት እስኪያቅት መድከም፣ የሽንት መጥቆር ከታየ ኪኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ያያሉ። ዓይን ቢጫ ቢሆንም እንዲሁ፤ ያ ከጉበት ነው። በጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ የታዘዘልዎትም ለዚህ ነው፤ የእርስዎ ደህና ነው። ሌላው ስኳር ነው። ስታቲን ስኳርን በትንሹ ከፍ ያደርጋል።

ጋሼ፦ ስኳሬን ሊጨምርብኝ? ለስኳር በሽተኛ?

ፋርማሲስቷ፦ በጥቂቱ። ስኳር የሌለባቸው 255 ሰዎች ለአራት ዓመት ቢወስዱ አንድ ተጨማሪ ሰው ስኳር ይይዘዋል። ስኳር ያለበት ሰው ልኬቱ ትንሽ ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ የስኳሩ ኪኒን ሜትፎርሚንና እርምጃው ይይዙታል። ስኳር ያለበትን ሰው በብዛት የሚገድለው ግን ልቡና ደም ሥሩ ናቸው፤ የምንጠብቀውም እነሱን ነው። አሁን ያቺን ጠርሙስ ልያት።

ጋሼ፦ እሷን የላከልኝ ሜሪላንድ ያለው የሚስቴ ወንድም ነው። ሊፒተር ናት። ሐኪሙ ያዘዘልኝ ደግሞ አቶርቫስታቲን። ከጀመርኩ ሁለቱንም አንድ ላይ ልጀምር ብዬ ነበር፤ አንዱ ለአንዱ ያግዛል ብዬ።

ፋርማሲስቷ፦ አንድ መድኃኒት ናቸው፣ ጋሼ! አንዱ የንግድ ስም ነው፣ ሌላው የመድኃኒቱ። ይህች ደግሞ ባለ 40 ናት፤ የታዘዘልዎት 20። ሁለቱን ቢውጡ በቀን 60 ይሆናል። ሲበዛ ጥቅሙም አብሮ አይበዛም፤ መጠኑ በእጥፍ ቢጨመር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚወርደው፤ የጡንቻው ጣጣ ግን ይጨምራል። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ሁሉ ከመዋጡ በፊት እኛ ጋ ይምጣ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ትንሿ ልጄ ትውሰዳት፤ ወፍራለሁ እያለች ታማርራለች።

ፋርማሲስቷ፦ በጭራሽ። እሷ ባለፈው ዓመት ነው ያገባችው፤ መውለድ ታስባለች። ያረገዘች፣ ልታረግዝ የምታስብ ወይም የምታጠባ ሴት በራሷ ስታቲን አትነካም። ደግሞ ስታቲን አያከሳም፤ ውፍረትና ኮሌስትሮል የተለያየ ነገር ነው።

ጋሼ፦ ከሌላው መድኃኒቴ ጋርስ ይጣላል?

ፋርማሲስቷ፦ ከሜትፎርሚን ጋር አይጣላም። ከግፊቱ ኪኒን ከአምሎዲፒን ጋር አቶርቫስታቲን ችግር የለበትም፤ ሲምቫስታቲን የሚባለው ሌላው ስታቲን ቢሆን ኖሮ ከ20 በላይ አይሰጥዎትም ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ጨጓራዎ ነው።

ጋሼ፦ ጨጓራዬ ምን አደረገሽ?

ፋርማሲስቷ፦ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብዎት ተብሎ ዓምና ምን ሰጡዎት? አሞክሳሲሊን፣ ኦሜፕራዞልና ክላሪትሮማይሲን። እኛ አገር ይህን ያልወሰደ ሰው ያለ አይመስለኝም። ክላሪትሮማይሲን ጉበት ስታቲንን የሚያስወግድበትን መንገድ ይዘጋዋል፤ የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ያሻቅባል፣ ጡንቻም የሚጎዳው ያኔ ነው። እንደገና ከታዘዘልዎት «ስታቲን እወስዳለሁ» ብለው ይናገሩ፤ ለእነዚያ ቀናት ወይ ያቋርጡታል ወይ መጠኑን ይወስኑታል። ኤሪትሮማይሲን፣ እንደ ኢትራኮናዞል ያሉ የፈንገስ ኪኒኖች፣ ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ናቸው። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ስታቲንን ያደክመዋል። ጀምፋይብሮዚል የሚባል ሌላ የስብ መድኃኒት አለ፤ እሱና ስታቲን እንዳይገናኙ። ሴሪቫስታቲን የተባለው የባየር ስታቲን በ2001 ከዓለም ገበያ የተነሳው ሰዎች በጡንቻ መፍረስ ስለሞቱ ነው፤ አደጋው በተለይ የከፋው ከጀምፋይብሮዚል ጋር የወሰዱት ላይ ነበር።

ጋሼ፦ ይህን ሁሉ በቃሌ ልይዝ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ አይያዙ። የሚወስዱትን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዎ ውስጥ አስገባለሁ፤ መድኃኒት የሚሰጥዎት ሰው ሁሉ ያያታል። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሺፈራው በዱቄት የሚወስዱ ከሆነ እሱም ይጻፋል። አረቄውም።

ጋሼ፦ አረቄውን ተዪው፤ እሱ የበዓል ብቻ ነው። ይልቅ ጾሙን ንገሪኝ። ዓመቱን እኩሌታ ሥጋም ቅቤም አልቀምስም። ኮሌስትሮሉ ከየት መጣ?

ፋርማሲስቷ፦ አልኩዎት እኮ፣ አብዛኛውን ራሱ ጉበት ነው የሚሠራው። ጾሙ ይጠቅማል፤ የጾሙ ወጥ የሚሠራበት ዘይት ግን ምንድን ነው? ያ ብርድ ሲሆን ጀሪካን ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት፣ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ኤልዲኤልን የሚጨምረው እሱ ነው። ቡናውም ትንሽ ድርሻ አለው። በወረቀት ሳይጣራ ተፈልቶ የሚጠጣ ቡና ኮሌስትሮልን በመጠኑ ከፍ የሚያደርግ ነገር አለው።

ጋሼ፦ ቡናዬን ከነካሽ ወደ እናትሽ እመልስሻለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ቡናውን አልነካሁም፤ ዘይቱ ይቀየር። አወሳሰዱ ቀላል ነው። አቶርቫስታቲን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም፣ ጠዋትም ማታም ይሆናል፤ ደም ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። በጾም ቀን ሰዓቱ እንዳይምታታብዎት ማታ ከግፊቱ ኪኒን ጋር ያድርጉት። አንድ ማታ ከረሱ በማግሥቱ ሁለት አይውጡ፤ ያለፈው አልፏል።

ጋሼ፦ ሠራ አልሠራ የምናውቀው መቼ ነው? እኔ ያልተመረመረ ሒሳብ አልፈርምም።

ፋርማሲስቷ፦ በሁለት ወር ገደማ። ከ128 ወደ 75 አካባቢ ቢወርድ አይገርመኝም። ሐኪምዎ ከ70 በታች እንዲሆን ቢፈልጉ ያኔ መጠኑን ያያሉ። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ነው፤ ዋናው ዓላማው እርስዎ እየወሰዱ መሆንዎን ማወቅ ነው።

ጋሼ፦ እኔን ኦዲት ልታደርጉ!

ፋርማሲስቷ፦ እንደዚያ ነው።

ጋሼ፦ ለምርመራው ሳልበላ ነው የምሄደው?

ፋርማሲስቷ፦ ለኤልዲኤል ግድ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ በጣም ከፍ ብሎ ከሆነ ነው ሳይበሉ ኑ የሚባለው፤ የእርስዎ ደህና ነው።

ጋሼ፦ በይ እሽጉን ክፈቺልኝ፤ ይቺ ብሊስተር የምትሏት ቆርቆሮ ለጣቴ አትመችም። ጠርሙሷንም ይዘሻት ሂጂ።